የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሴለም ሰው የገደለው ጩኸቱ ነበር ወይስ ችሎቱ?

በ1692 በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት፣ በሴለምና በአካባቢው ይኖሩ በነበሩ ፒዩሪታን ፕሮቴስታንቶች መካከል ስለተነሣው የጥንቆላ ክስ ባለፈው እትማችን አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። ጥቂት ልጃገረዶች ስለጮኹና ስለተንፈራገጡ ሃያ ሰው ሞተ የሚለው ነገር አልዋጥ ብሎኛል። ዳኞቹ የተማሩና እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ከነበሩ ይህን ያህል እንዴት ታወሩ? «የጅምላ እብደት ነው» ብሎ ማለፍስ ይበቃል?

መልስ፦ በመጨረሻ ያነሡት ጥርጣሬ ተገቢ ነው። «የጅምላ እብደት» የሚለው ማብራሪያ ነገሩ እንዴት እንደተነሣ ይነግረን ይሆናል፤ እንዴት እስከ ስቅላት እንደደረሰ ግን አይነግረንም። ድንጋጤና ሐሜት በየመንደሩ ይነሣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰው ሳይገድሉ ይበርዳሉ። በሴለም ሰው የተገደለው በመያዣ ትእዛዝ፣ በምስክር ቃል፣ በብይንና በዳኛ ፊርማ ነውና መመርመር ያለበት ችሎቱ ነው።

አነሣሱን በአጭሩ እንግለጽ። በጥር 1692 በሴለም መንደር፣ ዛሬ ዳንቨርስ በሚባለው ስፍራ፣ የሰባኪው የሳሙኤል ፓሪስ የ9 ዓመት ልጅ ቤቲና በቤቱ የምትኖረው የ11 ዓመቷ ዘመዱ አቢጌል ዊልያምስ ሰውነታቸው እየተኮማተረ፣ ማንም ሳይነካቸው «ተነከስን፣ ተወጋን» እያሉ መጮኽ ጀመሩ። ያያቸው ሐኪም የሕመሙን ምንነት ማወቅ ስላልቻለ ክፉ እጅ አርፎባቸዋል አለ። ከዚያ በኋላ ልክፍቱ ወደ ሌሎች ልጃገረዶች ተዛመተ፤ ለካፊው ማን እንደሆነ እንዲናገሩም አዋቂዎች ይወተውቷቸው ጀመር። የካቲት 29 ቀን በሦስት ሴቶች ላይ የመያዣ ትእዛዝ ወጣ። አንዷ በሰባኪው ቤት በባርነት የምታገለግለው ቲቱባ፣ ሁለተኛዋ ከቤት ቤት እየዞረች የምትለምነው ሳራ ጉድ፣ ሦስተኛዋ በውርስ ጠብ ስሟ የጠፋውና በሕመም ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን የራቀችው ሳራ ኦስበርን ናቸው። ሦስቱም ቢታሰሩ የሚቆረቆርላቸው ወገን አልነበራቸውም።

ጊዜውም የጭንቅ ጊዜ ነበር። ቅኝ ግዛቱ የሚተዳደርበት ቻርተር በ1684 ተሰርዞ ነበር፤ ከእንግሊዝ የተላከውን ገዥ ሕዝቡ በ1689 አስወግዶ የአዲሱን ሥርዓት መምጣት ይጠባበቅ ነበር። በሰሜን በኩል ዋባናኪ ከተባለው የአገሩ ነባር ሕዝብና ከፈረንሳዮች ጋር ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር ቤታቸው የተቃጠለባቸው ስደተኞች ወደ ሴለም አካባቢ ይጎርፉ ነበር። ከከሳሾቹ አንዷ የሆነችው መርሲ ልዊስ እናትና አባቷን ያጣችው በዚያ ድንበር ነው። በመንደሩ ውስጥም የፓሪስ ደመወዝ መከፈል አለበት ወይስ የለበትም በሚል ጠብ ነበረ። ፒዩሪታኖች ማኅበረሰባቸው ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ኪዳን የገባ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ መከራ ሲደራረብባቸው የበደለውን ሰው በመካከላቸው መፈለግ ልማዳቸው ነበር። ጠንቋይ በሕይወት እንዳትኖር የሚያዘውን የኦሪት ዘጸአት ቃልም ቅኝ ግዛቱ በ1641 በሕጉ ውስጥ አስገብቶት ነበር።

ይህ ሁሉ እያለም የመጀመሪያው ምርመራ በአግባቡ ቢካሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ሊቆም ይችል ነበር ብለን እናምናለን። መጋቢት 1 ቀን መርማሪው ዳኛ ጆን ሃቶርን ሳራ ጉድን የጠየቁበት ቃል በመዝገብ ተቀምጧል። «ከየትኛው ክፉ መንፈስ ጋር ትውውቅ አለሽ?» አሏት። «ከማንም» አለች። «ከዲያብሎስ ጋር ውል አልገባሽም?» «አልገባሁም።» «ታዲያ እነዚህን ልጆች ለምን ትጎጃቸዋለሽ?» «አልጎዳኋቸውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንቃለሁ።» «እንግዲያስ ይህን የሚሠራልሽ ማንን ቀጥረሽ ነው?» «ማንንም አልቀጠርሁም።» እርስዎ የሕግ ተማሪ እንደመሆንዎ የጥያቄዎቹን አቀማመጥ ልብ ይበሉ። መርማሪው ወንጀል ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን ከቶ አልጠየቁም። እያንዳንዱ ክህደት ወደሚቀጥለው ውንጀላ መሸጋገሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ለማስረጃ ይሰጥ የነበረው ክብደት ነው። ልጃገረዶቹ የተከሳሿ አምሳል በሌሊት እየመጣ እንደሚያንቃቸውና እንደሚቆነጥጣቸው ይናገሩ ነበር፤ ይህንንም አምሳል ከእነርሱ በቀር የሚያየው አልነበረም። ተከሳሽ «በዚያ ሰዓት ቤቴ ተኝቼ ነበር» ብላ ሰው ብታስመሰክር እንኳ አይጠቅማትም፤ ሥጋዋ ተኝቶ የመጣው አምሳሏ ነው ይባላልና። እንዲህ ያለውን ምስክርነት በመስቀለኛ ጥያቄም ሆነ በተቃራኒ ማስረጃ ማፍረስ የሚቻልበት መንገድ የለም። የዘመኑ ሊቃውንት ይከራከሩበት የነበረው ጥያቄ ዲያብሎስ የንጹሕ ሰው አምሳል መልበስ ይችላል ወይ የሚል ነበር። በግንቦት ወር ከእንግሊዝ የመጡት አገረ ገዥ ዊልያም ፊፕስ ያቋቋሙት ልዩ ችሎት ሰብሳቢ ዊልያም ስታውተን እግዚአብሔር ይህን አይፈቅድም ብለው ያምኑ ነበር። ስታውተን በሃርቫርድና በኦክስፎርድ ሃይማኖት ያጠኑ ሰው ናቸው፤ ከእርሳቸውም ሆነ ከባልደረቦቻቸው መካከል ሕግ የተማረ አልነበረም። ተከሳሾቹም ጠበቃ አልነበራቸውም። የቦስተን አካባቢ ቀሳውስት ሰኔ 15 ቀን በሰጡት አስተያየት በአምሳል ማስረጃ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳሰቡ፤ በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ግን ክሱ በፍጥነትና በብርታት እንዲቀጥል መከሩ። ዳኞቹ የወሰዱት የመጨረሻውን ምክር ነበር።

በችሎት ውስጥ ይታይ የነበረውም ይህንኑ ያጠናክራል። ማርታ ኮሪ ከንፈሯን ስትነክስ ልጃገረዶቹ ተነከስን ብለው ይጮኹ ነበር፤ አዛውንቷ ርብቃ ነርስ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ የአንዷ ልጅ አንገት በዚያው በኩል ይጣመም ነበር። በሳራ ጉድ የፍርድ ሂደት አንዲት ልጅ የተከሳሿ አምሳል በቢላዋ እንደወጋት ተናግራ የተሰበረ ስለት አሳየች። በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት ተነሥቶ ቢላዋው የእርሱ እንደነበረ፣ ከአንድ ቀን በፊት እንደተሰበረበትና ስብርባሪውን ልጅቷ እያየች እንደጣለው ገለጸ፤ እጀታውንም አውጥቶ አገጣጠመው። ችሎቱ ልጅቷን «ውሸት አትናገሪ» ብሎ ገሠጻትና በምስክርነቷ መጠቀሙን ቀጠለ። ይህን ያቆዩልን ክሱን አጥብቀው ይነቅፉ የነበሩ የዘመኑ ጸሐፊ ናቸው፤ ነቃፊ ቢሆኑም ከሌሎቹ መዛግብት መንፈስ ጋር የሚቃረን ነገር አልጻፉም።

የርብቃ ነርስን ጉዳይ ግን ጥቂት ቆም ብለን ማየት ይገባናል። ዕድሜያቸው 71 ዓመት ነበር፤ በደግነታቸው የታወቁ የቤተ ክርስቲያን አባል ሲሆኑ 39 ጎረቤቶቻቸው ስለ መልካም ጠባያቸው በጽሑፍ መስክረውላቸዋል። ጁሪውም፣ ማለትም ተከሳሽ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንዲወስን ከሕዝቡ የተመረጠው ጉባኤ፣ ንጹሕ ናቸው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ሲነበብ ልጃገረዶቹ ችሎቱን በጩኸት አናወጡት። በዚህ ጊዜ ስታውተን፣ ተከሳሿ ስለ አንዲት ጥንቆላ ማድረጓን ያመነች እስረኛ «ከእኛ አንዷ ናት» ማለታቸውን የጁሪው አባላት አስተውለውት እንደሆነ ጠየቁ። የጁሪው ሰብሳቢም የአነጋገሩን ትርጉም ርብቃን ጠየቃቸው፤ እርሳቸው ግን ጆሯቸው የደከመና በኀዘን የተዋጡ ስለነበሩ ዝም አሉ። ዝምታቸው እንደ እምነት ቃል ተቆጥሮ ውሳኔው ተገለበጠ። «አብራን የታሰረች ናት ማለቴ ነበር» ብለው በጽሑፍ ያስረዱት ከፍርዱ በኋላ ነው። አገረ ገዥው ቅጣቱን ለጊዜው አግደውት የነበረ ቢሆንም እገዳው ተነሣና ሐምሌ 19 ቀን ከሳራ ጉድና ከሦስት ሌሎች ሴቶች ጋር ተሰቀሉ። እዚህ ላይ ልጃገረዶቹ ጮኸዋል፤ ነጻ የተባለን ሰው መልሶ ጥፋተኛ ያደረገው ግን የሰብሳቢው ዳኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፋችሁ «ጠንቋይ ነኝ ብለው ያመኑት ተርፈዋል፣ የካዱት ተሰቅለዋል» ይላል። የተገላቢጦሽ አይደለም ወይ? ይህ እውነት ከሆነ ሁሉም ለምን አላመኑም?

መልስ፦ እውነት ነው። ጥንቆላ ፈጽመናል ብለው ያመኑት 50 ያህል ሲሆኑ፣ በእምነት ቃላቸው ጸንተው የቆዩት አልተገደሉም። በሕጉ መሠረት ያመነ ጠንቋይም ሞት ይገባው ነበር፤ ዳኞቹ ግን ያመነው ሰው ተባባሪዎቹን ስለሚጠቁምላቸው በሕይወት አቆዩት። መንገዱን የከፈተችው ቲቱባ ናት። በምርመራዋ ስለ አንድ ጥቁር ስለለበሰ ከቦስተን የመጣ ረጅም ሰው፣ ሰውየው በያዘው መጽሐፍም ላይ በፊርማ ፈንታ ስለተደረጉ ዘጠኝ ምልክቶች ተናገረች። ከተያዙት ሦስት ሴቶች ውጭ ያልታወቁ ሌሎች አሉ ማለት ነውና ፍለጋው ተጧጧፈ። ጌታዋ ደብድቦ እንዳስለፈለፋት በኋላ ተናግራለች።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የእምነት ቃል አዲስ ስም ይወልድ ጀመር። የጆን ፕሮክተር የቤት ሠራተኛ ሜሪ ዋረን ከልክፍቱ ተሽሏት «የሚያደርጉት ማስመሰል ነው» ባለች ጊዜ እርሷው ራሷ ተከሰሰች፤ ወደ ከሳሾቹ ጎራ ተመልሳ ነው የዳነችው። ጆን ፕሮክተርም ከእስር ቤት ለቦስተን ቀሳውስት በጻፉት ደብዳቤ፣ ልጃቸውን ጨምሮ ወጣቶች እንዲያምኑ አንገትና እግራቸው ተጠፍሮ፣ ከአፍንጫቸው ደም እስኪወርድ መሠቃየታቸውን ገልጸዋል። ማርጋሬት ጃኮብስ የተባለች ወጣት በፍርሃት አምና በገዛ አያቷ ላይ መሰከረች፤ ኋላ ሕሊናዋ አላስቀምጥ ብሏት ቃሏን ካደች። አያቷ ነሐሴ 19 ቀን ከፕሮክተር ጋር ተሰቀሉ። እርሷ በሕመም ምክንያት ጉዳይዋ ስለዘገየ ተረፈች። አምኖ በኋላ የካደው ሳሙኤል ዋርድዌል ግን እንደ እርሷ ዕድለኛ አልነበረም፤ ተሰቅሏል።

ሁሉም ለምን አላመኑም ለሚለው፣ መልሱ በራሱ በእምነታቸው ውስጥ ያለ ይመስለናል። አንድ ፒዩሪታን በእግዚአብሔር ፊት ዋሽቶ ዲያብሎስን አምልኬያለሁ ማለት ነፍሱን ማጥፋት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሥርዓቱ ለይቶ የገደለው ከማኅበረሰቡ ውስጥ ሃይማኖታቸውን ከሕይወታቸው ያስበለጡትን ሰዎች ነበር። መስከረም 22 ቀን ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር የተሰቀሉት የርብቃ ነርስ እኅት ሜሪ ኢስቲ ከመሞታቸው በፊት ባቀረቡት አቤቱታ፣ መሞታቸውን እንደሚያውቁና የሚለምኑት ለራሳቸው ነፍስ ሳይሆን የሌላ ንጹሕ ሰው ደም እንዳይፈስ መሆኑን ጽፈዋል። ቀጥለውም ዳኞቹ ልጃገረዶቹን ለያይተው እንዲያቆዩና ለየብቻ እንዲመረምሩ፣ አመንን ከሚሉትም የተወሰኑት ለፍርድ እንዲቀርቡ መክረዋል። በሴለም መዛግብት ውስጥ ከቀረበው የምርመራ ሐሳብ ሁሉ ይህ የተሻለው ነው፤ ያቀረቡትም ሕግ ያልተማሩ የተፈረደባቸው ሴት ናቸው።

ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ገበሬ ጋይልስ ኮሪ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ መረጡ። አላመኑም፤ በዚያ ችሎት ለመዳኘትም ፈቃደኛ አልሆኑም። በእንግሊዝ ልማድ ተከሳሽ ለመዳኘት ካልፈቀደ ፍርዱ መቀጠል ስለማይችል፣ እስኪፈቅዱ ድረስ በላያቸው ላይ ድንጋይ ይጫን ተባለ። መስከረም 19 ቀን ከድንጋዩ ሥር ሞቱ።

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። የልጃገረዶቹ ሕመም በሻጋታ ከተበከለ እህል የመጣ መመረዝ ነው የሚል አንብቤያለሁ። ሳይንሱ ምን ይላል?

መልስ፦ ይህ ግምት የቀረበው በ1976 ነው። ራይ በተባለው እህል ላይ የሚበቅለው ኧርጎት የተባለ ፈንገስ መንፈራገጥንና ቅዠትን ሊያስከትል እንደሚችል እውነት ነው። ግምቱ ግን በዚያው ዓመት ጠንካራ ተቃውሞ ገጠመው። ከአንድ ማዕድ የበሉ የቤተሰብ አባላት ደኅና ሆነው ልጃገረዶቹ ብቻ ለምን ይታመማሉ? የኧርጎት መመረዝ የያዘው ሰውስ ተከሳሽ ስትገባ ተንፈራግጦ፣ ስትነካው ወዲያው እንዴት ይድናል? እንደ ብዙ ተመራማሪዎች አስተያየት ነገሩ ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በጭንቀት ውስጥ በሚኖሩና አንዱ ሌላውን በሚያይባቸው ዝግ ቡድኖች ውስጥ ከሚታዘቡት የሚዛመት የሕመም ስሜት ጋር ይቀራረባል። ቤቲ ፓሪስ በመጋቢት ከመንደሩ ርቃ ሴለም ከተማ ወደሚገኝ የዘመድ ወዳጅ ቤት ተልካ ቀስ በቀስ ተሽሏታል፤ ከተጠቀሱት ፍርዶችም በአንዱ አልመሰከረችም። ሆኖም ሁሉንም በሕመም ማሳበብ አይቻልም። ከላይ የጠቀስነው የቢላዋ ስባሪ ሕመም አይደለም።

ጥያቄ፦ የተገደሉት በእሳት ተቃጥለው ነው ወይ? ሁሉም ሴቶችስ ነበሩ?

መልስ፦ አልተቃጠሉም። በእንግሊዝ ሕግ ጥንቆላ የሚያስቀጣው በስቅላት ነበር፤ ማቃጠል የስኮትላንድና የአህጉረ አውሮፓ ልማድ ነው። በሴለም 14 ሴቶችና 5 ወንዶች ተሰቅለዋል፤ ኮሪ ሲጨመሩ ሟቾቹ 20 ይሆናሉ። ከእነዚህ ሌላ ቢያንስ 5 ሰዎች በእስር ቤት ሞተዋል። ከታሰሩት መካከል የሳራ ጉድ ልጅ የሆነች የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን ትገኝበታለች።

ጥያቄ፦ ከሳሾቹና ዳኞቹ በኋላ ተጠየቁበት? ለተጎዱት ቤተሰቦችስ ካሣ ተሰጠ?

መልስ፦ በወንጀል የተጠየቀ የለም። ክሱ ወደ ባለሥልጣናትና ወደ ታወቁ ሰዎች ቤተሰብ መድረስ ሲጀምር ተቃውሞው በረታ። በጥቅምት ወር ታላቁ ሰባኪ ኢንክሪስ ማዘር አንድ ንጹሕ ሰው ከሚፈረድበት አሥር የተጠረጠሩ ጠንቋዮች ቢያመልጡ ይሻላል ብለው ጻፉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል። በዚያው ወር አገረ ገዥው ልዩ ችሎቱን በተኑ። በጥር 1693 ሥራ የጀመረው አዲስ ፍርድ ቤት የአምሳል ማስረጃን ወደ ጎን ሲተው አብዛኞቹ ተከሳሾች ነጻ ወጡ፤ የተፈረደባቸውም ሦስት ሰዎች ምሕረት አገኙ። ስታውተን በዚህ ተቆጥተው ከችሎት ተነሥተው ወጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ይቅርታ አልጠየቁም። ነጻ የወጡትም ቢሆኑ የታሰሩበትን የቀለብና የሰንሰለት ዋጋ ካልከፈሉ አይለቀቁም ነበር። ቲቱባ ጌታዋ አልከፍልም ስላለ ሌላ ሰው ከፍሎ እስኪወስዳት ድረስ በእስር ቆይታለች።

ከዳኞቹ በአደባባይ የተጸጸቱት ሳሙኤል ሱወል ናቸው። በጥር 1697 በታወጀው የጾም ቀን በቦስተን ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ነቀፋውንና ኀፍረቱን በራሳቸው ላይ የሚያደርጉበት ጽሑፍ በሰባኪው እንዲነበብ አድርገዋል። አሥራ ሁለት የጁሪ አባላትም በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቀዋል። ከልጃገረዶቹ መካከል ንስሐዋ በመዝገብ የቆየልን አን ፑትናም ናት፤ በ1706 በመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ ለንጹሐን ደም መፍሰስ መሣሪያ መሆኗን፣ ያንንም ያደረገችው በቂም ሳይሆን በሰይጣን ተታልላ መሆኑን ያስነበበችው ጽሑፍ ይገልጻል። ሱወል ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ሲወስዱ እርሷ ከፊሉን ለሰይጣን መስጠቷን አንባቢ ያስተውላል። ሆኖም ስትከስ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቃሏን ጽፈውና ፈርመው ለችሎት ያቀረቡት አባቷን ጨምሮ አዋቂዎች ነበሩ።

ካሣውን በተመለከተ፣ በ1711 ቅኝ ግዛቱ የብዙዎቹን ፍርድ ሽሮ ለቤተሰቦቻቸው 578 ፓውንድና 12 ሽልንግ እንዲከፋፈል ወሰነ። በዝርዝሩ ያልተካተቱ ግን ነበሩ፤ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ቀሪዎቹን ስሞች ለማንሣት በ1957ና በ2001 እንደገና መወሰን አስፈልጎታል። ከዚያም በኋላ አንዲት ቀርታ ተገኘች። በጥር 1693 ተፈርዶባት ምሕረት ያገኘችው የአንዶቨሯ ኤልዛቤት ጆንሰን ስሟ ከሁሉም ውሳኔዎች ተዘሎ ነበር። ይህን ያስተዋሉት የአካባቢው መካከለኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመምህርታቸው ጋር ሆነው ለምክር ቤቱ አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ፣ ፍርዷ በ2022 በሕግ ተሽሯል።